ፎርድ ፋውንዴሽን የማነው? ጠይቁኝ ብዬ ያመጣሁት ጣጣ

ሰሞኑን ስለ ፎርድ ፋውንዴሽን፣ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ስለሚሰጠው የአሜሪካ ድርጅት፣ አንድ ነገር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ታሪኩን ለዓመታት ስከታተል ስለኖርኩ የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመኪናው ፎርድ ነው?

ስሙ አንድ ነው፣ ቤቱ ግን ለየቅል ነው። ፋውንዴሽኑ የፎርድ ኩባንያ አክሲዮኑን በ1956 መሸጥ ጀምሮ በ1974 ጨርሶ ወጥቷል። አሁን መኪናው ቢሸጥ ባይሸጥ ጉዳዩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አቋቋሙት? የመኪና ኩባንያው መሥራች ሄንሪ ፎርድ ደግ ነበሩ እንዴ?

ደግነታቸውን እግዜር ይወቀው። በ1936 ልጃቸው ኤድሰል በ25 ሺህ ዶላር ሚሺጋን ውስጥ አቋቋመው። ሰነዱ ለሳይንስ፣ ለትምህርትና ለበጎ አድራጎት፣ ሁሉም ለሕዝብ ጥቅም ይላል። ያምራል። ግን ልብ በሉ፣ ካንድ ዓመት በፊት የአሜሪካ መንግሥት ከትልልቅ ሀብታሞች የሚወስደውን የውርስ ግብር እስከ 70 በመቶ አድርሶት ነበር። ሽማግሌው ቢሞቱ ቤተሰቡ ግብሩን ለመክፈል ኩባንያውን ሊሸጥ ነው። ስለዚህ አክሲዮኑን ለሁለት ከፈሉት፤ በኩባንያው ውሳኔ ላይ ድምፅ የማይሰጥበት 95 በመቶ ያህሉ ወደ ፋውንዴሽኑ እንዲሄድ፣ ድምፅ ያለው ቀሪው ከቤተሰቡ እንዳይወጣ። ላሚቱን ሰጥቶ ገመዱን በእጅ መያዝ በሉት። ኤድሰል በ1943፣ አባቱ በ1947 ሞቱ። እስከዚያ የሰፈሩን ሆስፒታልና ሙዚየም ሲረዳ የኖረው ድርጅት ባንድ ጊዜ የዓለም ትልቁ ፋውንዴሽን ሆኖ ቁጭ አለ። ገንዘቡ ቀድሞ መጣ፣ ዓላማው በኋላ ተፈለገለት። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዓላማው ስንቴ ተቀየረ?

ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው በተቀየረ ቁጥር ማለት ይቀላል። መጀመሪያ ጌይተር የሚባል የሕግ ባለሙያ ጥናት እንዲያጠና ተደረገና በ1949 አምስት ነገሮችን አስቀመጠ፤ ሰላም፣ ዴሞክራሲ፣ ኢኮኖሚ፣ ትምህርት፣ የሰው ልጅ ባሕርይ። በቃ፣ ዓለምን በሙሉ! በ1952 ኒው ዴልሂ ቢሮ ተከፈተ፤ በ1953 ዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በ1960 ከሌላው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ፊሊፒንስ ላይ የሩዝ ምርምር ተቋም አቋቋመ፤ ብዙ ምርት የሚሰጠው አይአር 8 የተባለው ሩዝ በ1966 የወጣው ከዚያ ነው። ቀጥሎ የሲቪል መብትና የድሆች ሰፈር ጉዳይ መጣ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሁሉም ነገር «የእኩልነት ማጣትን መታገል» በሚለው ሥር ገብቷል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ነው ይባላል። እውነት ነው?

የሲአይኤ ድርጅት አይደለም። ወሬው ግን ከሜዳ አልበቀለም። የባህል ነፃነት ኮንግረስ የሚባል የጸሐፍት ድርጅት ነበር፣ በስውር የሚደጉመው ሲአይኤ ነው። ይሄ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲጋለጥ ወጪውን ተረክቦ የቀጠለለት ፎርድ ፋውንዴሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሜቱ አልለቀቀውም፣ እኔም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልለትም።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ተጣልቶ ወጣ የሚባለውስ?

ሄንሪ ሁለተኛው፣ የኤድሰል ልጅ፣ ቦርዱ ላይ 33 ዓመት ተቀምጦ በ1976 መጨረሻ ደብዳቤ ጽፎ ለቀቀ። ነገሩ ባጭሩ፦ ይሄ ድርጅት የካፒታሊዝም ልጅ ሆኖ ሳለ አባቱን የረሳ ይመስላል ነው። ማን ይቆጣጠረዋል ቢባል፣ ራሱ ቦርዱ ነው። መንግሥትም ዳር አልቆመም። የፋውንዴሽኑ አንዳንድ እርዳታዎች፣ ለምሳሌ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የነበረው ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ሲገደል ለረዳቶቹ የተሰጠው ገንዘብ፣ የአሜሪካን ምክር ቤት አስቆጥተው በ1969 ጠበቅ ያለ ሕግ ወጣ። ዛሬ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህል ማውጣት ግዴታው ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቦርዱ ላይ ተመልሶ የተቀመጠው በ2019 ነው፣ የሄንሪ ሁለተኛው የልጅ ልጅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ አገርስ ምን ሠራ?

በደንብ የሚታየው 6 ኪሎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1960 ታወጀ፣ ሕግ የሚያስተምር ፋኩልቲ ግን ገና አልነበረም። በ1963 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል አሜሪካዊ ነበር፤ የፎርድ ገንዘብም ፋኩልቲውን ከደገፉት አንዱ ነው። በንጉሡ ዘመን እዚያ የተማሩ አንጋፋ ጠበቆችን ብትጠይቂያቸው የፈረንጅ አስተማሪዎቻቸውን ስም ይደረድሩልሻል።

ጥያቄ፦ ከፎርድ ቤተሰብ ከተማ፣ ከሚሺጋኗ ዲትሮይት፣ ወጥቶ ረሳት ማለት ነው?

ለብዙ ዓመታት አዎ፣ ያስወቅሰው ነበር። ግን በ2013 ከተማዋ ስትከስር የሠራተኞች ጡረታ ሊቆረጥ፣ የከተማዋ ሙዚየም ሥዕሎች ሊቸበቸቡ ሆነ። በ2014 ፋውንዴሽኖች ተሰብስበው ገንዘብ ሲያዋጡ ፎርድ 125 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባ። ሥዕሎቹ ተረፉ፣ ጡረተኞቹም ከተፈራው ያነሰ ተቆረጠባቸው።

ጥያቄ፦ ስኮላርሺፕ ይሰጣል? የወንድሜ ልጅ ሊያመለክት ፈልጎ።

እርስዎ የሚሉት በ2001 ተጀምሮ በ2013 የተዘጋውን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ይመስለኛል። ከ4 ሺህ በላይ ሰው አስተምሯል፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ነበሩበት፣ እኛ አልነበርንም። አሁን ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ለድርጅቶች ነው። «በፎርድ ፋውንዴሽን በኩል እናስገባሃለን፣ የመመዝገቢያ ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ ስልኩን ይዝጉበት።