መልስ፦ ፖርሽ 944 ሲሞቅ አልነሳ ይላል

ሰላም ወንድሜ። የ1986ቱ 944ህ ጠዋት ወዲያው ይነሳል፤ ነድተኸው አቁመህ ስትመለስ ግን ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ እምቢ ይላል፣ ቆይቶ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል ብለሃል።

ሞተሪኖው በደንብ ካዞረ ባትሪውን ተወው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ባትሪ ይገዛል፤ ገንዘቡ ያሳዝነኛል።

እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ዲኤምኢ ሪሌውን ነው፤ ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ለነዳጅ ፓምፑም ለሞተሩ ኮምፒውተርም ኃይል የሚያቀብለው እሱ ነው። ውስጡ ያለው የስታኞ ብየዳ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲበርድ መልሶ ይገጥማል። የኔን ክዳኑን አውልቄ በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ በአንዷ የብረት እግሩ ዙሪያ ፀጉር የምታክል የስንጥቅ ቀለበት ነበረች። ወር ሙሉ መንገድ ላይ ያስቀረችኝ ያቺ ናት! በአዲስ ቀይረህ ሞክረው፤ ቀላልና ርካሽ ነው።

እሱ ካልሆነ፣ እምቢ ባለህ ሰዓት ቁልፉን እያዞርክ የአርፒኤም (የሞተር ዙር) መርፌውን እይ። ትንሽ እንኳ ከተርገበገበች፣ ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋ ካሉት ሴንሰሮች ምልክት እየመጣ ነው። ጭራሽ ካልተነቃነቀች ግን ወደነሱ ሂድ። የሽቦአቸው ልባስ በሙቀት ይደርቅና ይፈረካከሳል፤ ሶኬታቸውንም ነቅለህ አጽዳ።

አደራ፣ ካንዴላው እሳት መስጠቱን ሳታይ ነዳጅ ፓምፕ እንዳትቀይር። መርፌዋ ምን እንዳደረገች ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።