ዝርዝሩ ላይ ያለ ሁሉ ቀፎው ጋ የለም

ባለፈው ሳምንት ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ሥራ ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። የአንድ ድርጅት የኢንተርኔት ስልክ ሰርቨር እሱ እጅ ላይ ነው። «ጋሼ፣ 207 የሚባለው የውስጥ መስመር የተመዘገቡ ስልኮች ዝርዝር ላይ አለ፤ ሲደወልለት ግን አይጠራም። ሌላም ያረጀ ምዝገባ ሞልቷል። ሁሉንም አጥፍቼ ልገላገል?» አለኝ።

«ተው! እንዳትነካው» አልኩት። ድምፄ ከረር ሳይል አልቀረም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ይህን ሥራ የያዛችሁ ወጣቶች ብዙ ናችሁ።

አስተሪስክ የሚባለውን የስልክ ሰርቨር ሶፍትዌር ገና እየለመድኩ ሳለሁ የአንድ ክሊኒክ ስልኮች በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበሩ። አንድ ምሽት የሞቱ ምዝገባዎች አስመረሩኝና ዝርዝሩን ጠቅላላ አጠፋሁት። ሰርቨሩንም አስነሳሁት። ጥርት አለ። ከተረኛ ክፍል ቀፎ ወደ ሞባይሌ ደወልኩ፤ ጠራ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ወደዚያ ተረኛ ክፍል ማንም መደወል አልቻለም። ልጇን ያተኮሳት እናት ደጋግማ ሞክራ መስመሩ ሲዘጋባት ታክሲ ይዛ መጣች። ልጅቷ ደህና ሆነች። እኔ ግን ያን ምሽት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምን ተፈጠረ? ምዝገባውን ሳጠፋ ለቀፎው የነገረው የለም። ስክሪኑ ላይ አሁንም «ተመዝግቧል» ይላል። ቀጣዩ የምዝገባ ሰዓቱ እስኪደርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ወደ ውጭ ሲደውል ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን እዚያው ስለሚጠይቀው ጥሪው ያልፋል። ወደ እሱ ሲደወል ግን ሰርቨሩ አድራሻውን አያውቅም። የሞከርኩት ደግሞ የሚሠራውን አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምዝገባ ማለት ቀፎው ለሰርቨሩ የሚሰጠው ቃል ነው። «እኔ 207 ነኝ፤ በዚህ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) እና በዚህ ፖርት (የአድራሻው በር ቁጥር) ታገኙኛላችሁ፤ ለዚህን ያህል ሴኮንድ ያዙልኝ» ይላል። ብዙ ቀፎ 3600 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ይጠይቃል። ሰርቨሩም ያምነዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲፕ፣ ማለትም የኢንተርኔት ስልኮች የሚግባቡበት መመዘኛ፣ ስንብትም አለው፤ ቀፎው ጊዜውን ዜሮ አድርጎ ይልክና ይሰናበታል። ግን መብራት ድንገት ሲሄድ ማን ተሰናብቶ ይሄዳል? ቀፎው ይጠፋል፣ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ሌላ አይፒ ወይም ሌላ ፖርት ይሰጠዋል። ቀፎው በአዲሱ ይመዘገባል። አሮጌው ሰዓቱ እስኪያልቅ እዚያው ተቀምጦ ይቆያል።

መብራት ሳይሄድም ይከሰታል። ብዙ የቤትና የቢሮ ራውተር ለዩዲፒ (ብዙ ቀፎ መልእክቱን ለሚልክበት የኔትወርክ ዘዴ) የከፈተውን ቀዳዳ ንግግር ካላለፈበት በ30 ሴኮንድ ገደማ ይዘጋዋል። ሰርቨሩ ለአንድ ሰዓት አምኖታል፣ መንገዱ ግን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ተዘግቷል። ሰርቨር ሪስታርት ማድረግም አይፈታውም። አስተሪስክ ምዝገባዎቹን ፋይል ላይ ስለሚያስቀምጥ በዩዲፒ የገቡት ከነበሩበት ይመለሳሉ።

ወደ ልጁ ልመለስ። የኮንታክት ዝርዝሩን፣ ማለትም ሰርቨሩ የያዛቸውን የቀፎ አድራሻዎች፣ አሳየኝ አልኩት። 207 ሥር ሦስት አድራሻ አለ። የሦስቱም ሁኔታ «ኖንኳል» ይላል። ይህ ማለት ሰርቨሩ አንድም ጊዜ «አለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም ማለት ነው። በየስንት ሴኮንዱ እንደሚጠይቅ የሚወስነው ኳሊፋይ ፍሪኩዌንሲ ዜሮ ነው፤ ካልነካችሁት ዜሮ ሆኖ ነው የሚመጣው። 60 አድርገው አልኩት። ከደቂቃ በኋላ አንዱ «አንአቬይል»፣ ማለትም አይገኝም፣ ሆነ። ሁለቱ መለሱ።

የሞተው ያ ያልመለሰው ነበር። በእሱ አደራደር ሰርቨሩ ለ207 ሲደወል የሚመርጠው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ የመረጠውም የሞተውን ኖሯል። ጥሪውን ይልካል፣ መልስ የለም። ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ይደግማል፣ ከዚያ ከአንድ፣ ከዚያ ከሁለት፣ ከአራት እያለ። ተስፋ የሚቆርጠው በ32 ሴኮንድ ነው። ደንበኛ 32 ሴኮንድ ጸጥታ አዳምጦ አይጠብቅም።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ቀፎ ማክስ ኮንታክትስን (ስንት አድራሻ እንደሚያዝ) 1፣ ሪሙቭ ኤግዚስቲንግን (አሮጌውን አስወጣ የሚለውን) «የስ» አድርጉት። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይወጣል። 1 ብቻ አድርጋችሁ ሁለተኛውን ከረሳችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቀፎው የራሱ አሮጌ ምዝገባ በር ይዘጋበትና ሰርቨሩ 403፣ ማለትም «ክልክል ነው»፣ ይመልስለታል። የቆይታውን ጊዜም አሳጥሩት፤ ለቅርንጫፍ ቀፎዎች 300 ሴኮንድ ይበቃኛል። አብዝታችሁ ግን አታሳጥሩ። 300 ቀፎ በየ60 ሴኮንዱ ሲመዘገብ በሴኮንድ ቢያንስ 5 ምዝገባ ነው፤ የይለፍ ቃል ጥያቄው ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። የሞባይል አፕ ከሆነ ባትሪም ይበላል።

«የሞተውን አሁን ላጥፋው?» አለኝ። «እሱን ለብቻው አጥፋው» አልኩት። «ከዚያ ከሞባይልህ ወደ 207 ደውልና ሰው ሲያነሳ ስማ።»

ሊዘጋ ሲል አስቆምኩት። ሦስት አድራሻ ነበር፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ የጠረጴዛው ቀፎ ነው። ሦስተኛውስ? የመሣሪያውን ዓይነት የሚናገረውን ዩዘር ኤጀንት እንዲያይ ነገርኩት። የሞባይል ሶፍትፎን፣ ማለትም እንደ ቀፎ የሚሠራ አፕ፣ ነው። አይፒው የቢሯቸው አይደለም። ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ 207 ላይ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ከለቀቀ ስድስት ወር ሆኖታል» አለኝ።

ሁሉንም አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህን አያየውም ነበር። ያ ሞባይል የምዝገባ ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሶ ይመዘገባል፣ ዝርዝሩም ንጹሕ ይመስላል። ሰውየው ምናልባት አፑ መኖሩንም ረስቶታል፤ ክፉ አላስብበትም። ግን የድርጅቱ ጥሪ ወደ ኪሱ ሊገባ ይችላል፤ በድርጅቱም መስመር መደወል ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ነገርኩት፤ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ቀይር፣ የጠረጴዛውን ቀፎ በአዲሱ አስገባ፣ የሞባይሉን ምዝገባ ከዚያ በኋላ አጥፋ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አጭር መልእክት ላከልኝ። «ጥበቃው አነሳው» ይላል።