ቅርብ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይስ ስም ያለው ሩቁ?

እህቴ፣ ልጄን ቅርብ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ላስገባት ወይስ ስም ያለው ሩቁ ይሻላል፣ ተጨማሪ ፕሮግራምስ ያስፈልጋታል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን ቅርቡን አስቀድሜ አየዋለሁ። በፈተና ውጤት ብቻ አትወስኚ፤ ውጤቱ የመምህራኑን ብርታት ብቻ ሳይሆን የተማሪዎቹን ቤተሰብ ኑሮም ያሳያል። ይልቅ በትምህርት ሰዓት ሄደሽ ጎብኚ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጆች አሉ? መምህራኑ ይቆያሉ ወይስ በየዓመቱ ይቀያየራሉ? የተማሪ ደብተር አሳዩኝ በዪ። መምህሩ ራይት ብቻ አድርጎ ካለፈ አንድ ነገር ነው፤ ስህተቱን ጽፎለት ልጁም አስተካክሎ ከሆነ ግን በጣም ደስ ይላል።

ተጨማሪውን በተመለከተ፣ ወደኋላ የቀረችበት ትምህርት ካለ አስጠኚ ያስፈልጋታል። ቶሎ ጨርሳ የምትሰለች ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ክፍል አስቀድሞ ማስጠናት መሰልቸቱን ያባብሰዋል። ቼዝ፣ ሮቦቲክስ፣ ሙዚቃ ወይም የንባብ ክበብ ይሻላታል። አንድ ይበቃል፣ እሷ የመረጠችው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ረጅም መንገድና የፕሮግራም ብዛት ይህን ይሻማሉ። የምዝገባውን ቀን ደግሞ ከአሁኑ አጣሪ።