መልስ፦ ሥዕል እየተሸጠ ሂስ ለምን ያስፈልጋል?

«ሥዕሌ እየተሸጠ ሂስ ምን ይጨምርልኛል?» ብለው ለጠየቁት፦ ገዢ የሚነግርዎ የወደደውን ብቻ ሲሆን፣ ያልወደደው ዝም ብሎ ስለሚወጣ ሥራዎ የት ላይ እንደደከመ ከሽያጭ አይታወቅም። ለጎብኚ የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕል ገበያ አላጣም፤ ነገር ግን (ብዙ ቤተሰብ ያኖረ ሥራ ነውና አልንቀውም) ሠዓሊውን በስሙ ያስጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሂስ ሰጪ ግን «ይህ ክንድ ከትከሻው ጋር አልተያያዘም፤ ብርሃኑም ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል» ይልዎታል፤ ይህንንም ሥዕሉን የመግዛት ሐሳብ የሌለው፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቢናገረው ይመረጣል። ገቢን በተመለከተ፣ ታዋቂው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንኳ፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሠዓሊ ገዢ ባይመጣም የተነቀፈበትን ሸራ እንደገና ለመሥራት ፋታ ያገኛል።