ጣናን ለምዶ ሰው አልባ ደሴት ላይ መዋል፦ ከጎንደር ወደ ሲሸልስ ለሚሄዱት

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄያችሁ «አራት ሆነን ሲሸልስ ልንሄድ ነው፤ ሰው የማይኖርበት ደሴት ላይ ድንኳን ተክለን ማደር እንፈልጋለን። ጎርጎራ ላይ ጀልባ ለምደናል፤ ሌላ ምን እንያዝ?» የሚል ነው። ያላችሁት ጊዜ ከበቂ በላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ማደሩን ተውት፤ እዚያ አገር ድንኳን ተክሎ ማደር ክልክል ነው። ከ115ቱ ደሴቶች አብዛኞቹ ቋሚ ነዋሪ የላቸውም፣ ግን እንደልብ የሚወረድባቸው አይደሉም። አልዳብራ የተባለው፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች ያሉበት፣ ከዋናው ደሴት ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅና ያለ ፈቃድ ስለማይገባ እሱን እርሱት። ለእናንተ የሚሆኑት ፕራሊን ከተባለው ደሴት በጀልባ ቅርብ የሆኑት ኩሪዩዝና ከዘን ናቸው። ኩሪዩዝ ላይ ከፓርኩ ጠባቂዎች በቀር ሰው የለም፤ ኤሊዎችም አሉት። ከዘን የወፍ መጠበቂያ ነው። የሚጎበኘው በሥራ ቀናት ጠዋት ሲሆን፣ የእናንተ ጀልባ ዳር አይደርስም፤ ባሕሩ ላይ ቆማችሁ ወደ ደሴቱ ጀልባ ትዛወራላችሁ። ይህን የሚያደርጉት አይጥና የባዕድ ተክል ዘር እንዳይገባ ነው። አንድ ያረገዘች አይጥ መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ ወፎችን ልትጨርስ ትችላለች። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የጫማችሁን ሶል በብሩሽ ፍቁ፣ ካልሲና የቦርሳ ስፌት ውስጥ የተሰገሰገ ጭጎጎት አንድ በአንድ ልቀሙ። ከመኸር በኋላ ገጠር የተራመደ ካልሲ ከሆነ ባትይዙት ይሻላል። በሶም ሆነ ቆሎ ከያዛችሁ አየር ማረፊያው ላይ አሳውቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጣናን የለመደ ሰው ባሕር ላይ የሚሳሳተው በመሙላትና በመጉደሉ ነው። ጣና ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ በጋው ሲያልቅ ይጎድላል፤ ጠዋት ያሰራችሁት ጀልባ ማታም እዚያው ውኃ ላይ ታገኙታላችሁ። ባሕር ግን በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ልዩነቱ ይበረታል፣ እዚያም ከአንድ ሜትር ያልፋል። በሙላት ኮራሉን (ከውኃው ሥር ያለውን ስለታም የባሕር ድንጋይ) አልፎ የገባ ጀልባ ባሕሩ ሲጎድል ሞተሩ ድንጋይ እየመታ መውጣት ያቅተዋል። እናንተም ቀጣዩን ሙላት እየጠበቃችሁ ትቀራላችሁ። የመመለሻ ሰዓት የምትቆርጡት እናንተ ሳትሆኑ የዕለቱ የባሕር ሠንጠረዥ ነው፤ ባለ ጀልባውን ቀድማችሁ ጠይቁት። ዕቃ ስታስቀምጡ አሸዋው ላይ የደረቀ ቅጠልና የባሕር ሣር የተሰለፈበትን መስመር ፈልጉ። ውኃው እስከዚያ ይደርሳል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አስቀምጡ። ኮኮናት ዛፍ ሥር ግን አታስቀምጡ፣ አትቀመጡም፤ ፍሬው ሳይታሰብ ይወድቃል።

ውኃ በነፍስ ወከፍ ለቀኑ 4 ሊትር፣ ጀልባው በነፋስ ቢቀር ለሌሊቱ ደግሞ 3 ሊትር ያዙ። ለአራት ሰው 28 ሊትር፣ ማለትም ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ስድስት መሆኑ ነው። አንድ ትልቅ ጀሪካን አትያዙ፤ ክዳኑ ቢላላና ጨው ቢገባው ሁሉም ይበላሻል። በተጨማሪም ብዙ ቦታ እስከ ወገብ ውኃ ውስጥ ስለምትወርዱ ትንሹን መሸከም ይቀላል። ትንሽ አየር ትታችሁ ክዳኑን ካጠበቃችሁት ጀሪካኑ ባሕሩ ላይ ይንሳፈፋል፣ በገመድ መጎተት ትችላላችሁ። የባሕር ውኃ ለመቅመስ እንኳ አትሞክሩ። ሊትሩ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ኩላሊት ያን ለማስወጣት ከጠጣችሁት የበለጠ ውኃ ይወስድባችኋል። ኮኮናት ይረዳል፣ ሲበዛ ግን ሆድ ያላላል።

ጎንደር ላይ ላብ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰውነት ይቀዘቅዛል። እዚያ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፤ ድካሙ ሳይታወቅ ይመጣል። ሁለት ሦስት ፓኮ ኦአርኤስ ያዙ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ውስጥ ቆዩ፤ ረጅም እጅጌ ከቅባት ይበልጣል።

ለእግር ኮንጎ ጫማ ከካልሲ ጋር በጣም ጥሩ ነው፤ ውኃ አይዝም፣ ኮራልም አይቆርጣችሁም። ኮራል የቆረጠው ቁስል ቶሎ ስለሚመግል በንጹሕ ውኃና ሳሙና እጠቡት፣ ስብርባሪውን በወረንጦ አውጡት። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛም ዓሣ አለ፣ እሾሁ ጫማም ይበሳል፤ ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ውኃ እግራችሁን እያንሸራተታችሁ ሂዱ። ከወጋ ሕመሙ ከባድ ነው፤ ሙቀት ግን ያስታግሰዋል። ለዚህ አንድ ፔርሙስ ፍል ውኃ ያዙ። ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቅላችሁ 45 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከር። ሙቀቱን የሚለካው ያልተወጋ ሰው በእጁ ይሁን፣ የቆሰለው እግር ስለማይለይ ይቃጠላል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጥምቀትን አክብረን እንነሳ ካላችሁ እዚያ ከባዱ ዝናብ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ጥር የዝናባቸው ወር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ንፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ሚያዝያ ወይም የጥቅምት መጨረሻ ይሻላል። ጀልባ ስትከራዩ ለአራታችሁም የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ሬዲዮና ትርፍ ነዳጅ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ የሌለው ጀልባ ላይ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውጡ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ አውጡ፤ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ይጠየቃል። የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማስረጃም ይዛችሁ የጉዞ ፈቃዱን በኢንተርኔት ሙሉ። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ይቀድማል፣ የሚቆጥሩትም እንደ ፈረንጅ ነው። ባለ ጀልባው «ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» ሲላችሁ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ማለቱ ነው። ሰዓታችሁን በእነሱ ሙሉና የቀጠሮውን ሰዓት በቁጥር ጽፎ እንዲሰጣችሁ አድርጉ።