መልስ፦ ከወሊድ የተመለሱ ኦዲተሮች ከእድገት ለምን ይቀራሉ?

የእድገት ኮሚቴውን ከመጠርጠርዎ በፊት የሰዓት ዒላማውን፣ ማለትም አንድ ኦዲተር በዓመት ለደንበኛ ሥራ እንዲያስመዘግብ የሚጠበቅበትን ሰዓት፣ ስሌት ይዩ። በሳምንት 40 ሰዓት ሲታሰብ ዓመቱ 2080 ሰዓት ነው፤ ለደንበኛ የሚቆጠረው 75 በመቶ ከሆነ ዒላማው 1560 ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የተፈቀደው 120 ተከታታይ ቀን የወሊድ ፈቃድ ወደ 686 ሰዓት ይወስዳል። መጀመሪያ ይህን ከ2080 ይቀንሱ፣ ከዚያ 75 በመቶውን ያስሉ፤ 1045 ገደማ ይመጣል። ካልሆነ ጎበዟም «ከዒላማ በታች» ተብላ ትመዘገባለች።

ቀጥሎ ታይምሺቱን (ማን በየትኛው ደንበኛ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን መዝገብ) አውጥተው ትልልቆቹ ደንበኞች ለማን እንደተሰጡ ይዩ። ዋናው ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፦ «እንዳይከብዳት» ተብሎ ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ማጣራት ላይ የቀረች ሲኒየር ኦዲተር ለማናጀርነት የምታቀርበው ሥራ አይኖራትም። ምደባውን ከመመለሷ በፊት ከራሷ ጋር ይነጋገሩበት።

አንድ ጥንቃቄ፦ ያገኙትን በሪፖርት አቅርበው በሥራ ክፍል ሲከፋፍሉ ከአምስት ሰው በታች የሆነውን ክፍል ከሌላ ጋር ያጣምሩ፤ ያለዚያ ማን እንደሆነች ወዲያው ይታወቃል።