ከድንጋዩ በፊት መብራቱን ጠይቁ

ማዕድንና ብረታ ብረት ለምታጠኑ ወጣቶች፣

የማዕድን ክምችት መገኘቱ ሲነገር ዜናው በየትም ሀገር አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን፣ ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር፣ ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል። ቶኑን በዓለም ገበያ ዋጋ ለማባዛት ካልኩሌተር ይበቃል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በደቡባዊ አፍሪካ የፌሮክሮም ማቅለጫዎች ውስጥ ነውና «ክሮም ተገኘ» የሚል ወሬ ስሰማ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ድንጋዩ አይደለም። መብራቱ ከየት ይመጣል? ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ይህን መመለስ ያልቻለ ሰው፣ ባለሥልጣንም ይሁን ባለሀብት፣ ስለ ፋብሪካ ማውራት ገና አልጀመረም።

ይህን የምጽፍላችሁ አንዳንዶቻችሁ ነገ የማዕድን ፖሊሲ አርቃቂዎች ስለምትሆኑ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ክሮም ባይኖር የማይዝግ ብረት አይኖርም ነበር። ማንኪያ ጀርባ ላይ 18/10 የሚል ቁጥር ታትሞ አይታችሁ ይሆናል፤ 18ቱ የክሮሙ መቶኛ ነው፣ 10ሩ የኒኬሉ። ክሮሙ ወደ ብረቱ የሚገባው ፌሮክሮም በተባለው የብረትና የክሮም ቅይጥ አማካይነት ነው። ፌሮክሮም ደግሞ ክሮማይት የሚባለው ጥቁርና ከባድ ማዕድን ከኮክ ከሰልና ከኳርትዝ ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀልጥ ይገኛል። ከሰሉ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፣ ቅይጡ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሙያው ስላግ የምንለው አተላ ከላይ ይንሳፈፋል። ወረቀት ላይ ይኸው ነው።

ምድጃው አጠገብ ስትቆሙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከላይ ሦስት ኤሌክትሮዶች ወደ ክቡ ምድጃ ይወርዳሉ፤ አንዱን ብቻ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ አይጨርሰውም። የሚሠሩት በቆርቆሮ ቀፎ ውስጥ ከሚጨመር የካርቦን ሊጥ ነው። ሊጡ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጋገራል፣ ጫፉ ደግሞ ውስጥ ውስጡን እየተበላ ያልቃል። በየጥቂት ሰዓቱ ምድጃው ይከፈታል፤ ቀዳዳውን የደፈነውን ሸክላ በመሰርሰሪያ ይበሱትና የመጨረሻዋን ድድር በኦክስጅን ቧንቧ ያቃጥሏታል። ከዚያ ዓይን የማይችለው ብርሃን ይፈስሳል። አንድ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት የፈረቃ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ የአተላውን አወራረድ ለአንድ አፍታ ተመልክተው «ኳርትዝ አንሶታል» ይሉ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት ከሰዓታት በኋላ ሲመጣ የሚለው ያንኑ ነው። ዲግሪ ይዛችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን ሰው ይሁን። የሌሊቱንም ፈረቃ አትሽሹት፤ ምድጃ አመሉን የሚያሳየው አለቆች ሲተኙ ነው።

አሁን መብራት ጠፋ እንበል። ለአንድ ሰዓት ከሆነ ግድ የለም። ሲረዝም ግን ይህ እንደ ምጣድ ጠፍቶ የሚለኮስ ነገር አይደለም። የላይኛው ክምር ይጋገራል፣ የቀዘቀዘው ኤሌክትሮድ ይሰነጠቃል። መብራቱ ሲመለስ የባከነውን ምርት ለማካካስ ቸኩሎ ኃይሉን ባንዴ የጫነ ፈረቃ የተሰነጠቀውን ኤሌክትሮድ ይሰብርና ምድጃው ውስጥ ይጥለዋል። ስብርባሪውን ማውጣት፣ አዲሱን ሊጥ ቀስ ብሎ ማብሰል፣ ኃይሉን በየደረጃው መመለስ የቀናት ሥራ ነው። መብራት በፈረቃ በሚታደልበት ሀገር ይህ ተደጋግሞ ሲደርስ አይቻለሁ። የማዕድን ክምችቱ በዚያን ሰዓት ለማንም አይጠቅምም።

ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። አንድ ቶን ፌሮክሮም በተለመደው ምድጃ ከ3,300 እስከ 4,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። መካከለኛውን 3,500 ብንይዝ፣ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በጨመረ ቁጥር ቶኑ ላይ 35 ዶላር ይጨመራል። በዓመት 100,000 ቶን ለሚያመርት ፋብሪካ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ይህ ፋብሪካ ሌሊትም ቀንም፣ በዓልም አዘቦትም 40 ሜጋዋት ያህል ይፈልጋል።

ይህን ሒሳብ ደቡብ አፍሪካ በቁሟ አሳይታናለች። ቡሽቬልድ የሚባለው የአለት ግዛት ከዓለም የክሮም ሀብት አብዛኛውን ይዟል። ግን ለረጅም ዘመን ማዕድኑ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ይታይ ነበር፤ ብረት ሠሪው ክሮሙ ከብረቱ ሦስት እጥፍ የሚሆንበትን ማዕድን ሲፈልግ የቡሽቬልዱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ነበርና። የተከበረው የቱርክ፣ የሶቪየት ኅብረትና የያኔዋ ሮዴዥያ ድንጋይ ነበር። በ1968 አሜሪካ ውስጥ በኢንዲያና ግዛት አንድ የብረት ፋብሪካ አዲስ ዘዴ በሥራ ላይ አዋለ፤ በቀለጠው የማይዝግ ብረት ውስጥ አርጎንና ኦክስጅን እየነፉ፣ ክሮሙን ሳያባክኑ ካርቦኑን ማቃጠል። በዚህ ዘዴ ካርቦን የበዛበትና ክሮም ያነሰበት ርካሽ ፌሮክሮም ለሥራ በቃ። የተናቀው ማዕድን ነገሠ፣ ደቡብ አፍሪካም በርካሽ የድንጋይ ከሰል መብራቷ የዓለም ቀዳሚ አምራች ሆነች። የጂኦሎጂ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ ማዕድናችሁን ዋጋ ያለው ወይም ዋጋ ቢስ የሚያደርገው ውሳኔ እናንተ ረግጣችሁት በማታውቁት ፋብሪካ ውስጥ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የገዢውንም ሙያ አጥኑ።

ከዚያ 2008 መጣ። በዚያ ዓመት በጥር ወር የሀገሪቱ የመብራት አቅርቦት ስላልበቃ ታላላቆቹ ማዕድን ቆፋሪዎች ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ ቀጥሎ ታሪፉ በየዓመቱ እየተተኮሰ ብዙ እጥፍ ሆነ። በ2012 ቻይና ደቡብ አፍሪካን ቀድማ የዓለም ትልቋ የፌሮክሮም አምራች ሆነች፤ ይህን ያደረገችው በምድሯ ይህ ነው የሚባል ክሮም ሳይኖራት ነው። ማዕድኑ የሚሄድላት በዋናነት ከዚያችው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚህም የሚያስገርም አለ። የፕላቲኒየም ማዕድን ቆፋሪዎች ዩጂ2 ከሚሉት ንብርብር ፕላቲኒየሙን ካወጡ በኋላ በቀረው ዝቃጭ ውስጥ ክሮማይት ሞልቷል፤ ይህ የተረፈ ምርት ተጣርቶ በርካሽ ወደ ቻይና ይጫናል። የሀገሪቱን ማቅለጫዎች ከገበያ የሚያስወጣው የሀገሪቱ የራሷ ማዕድን ሆነ ማለት ነው። በ2025 በሩስተንበርግ አካባቢ ያሉት የቦሾክና የዎንደርኮፕ ማቅለጫዎች ምድጃቸውን አቁመዋል።

«ታዲያ ጥሬውን መሸጥ መከልከል ነዋ!» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ቁጭቱ ይገባኛል። ግን ዚምባብዌን ተመልከቱ። ታላቁ ዳይክ የሚሉት የአለት ሰንሰለት ሀገሪቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰነጥቃታል፤ ክሮሙ ያለው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር በማይበልጡ ቀጫጭን ንብርብሮች ውስጥ ስለሆነ ብዙ ሰው በዶማና በመዶሻ ነው የሚያወጣው። መንግሥት በ2011 ጥሬ ክሮም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። ማቅለጫዎቹ ግን ያን ሁሉ ማዕድን የሚያቀልጡበት መብራትም ካፒታልም አልነበራቸውም፤ መብራት የሚያመነጭላቸው የካሪባ ግድብ ውኃ ሲጎድል ደግሞ ባሰ። ማዕድኑ ተከምሮ ቀረ፣ ትንንሾቹ ቆፋሪዎች ገዢ አጡ። በ2015 እገዳው ተነሣ፣ በ2021 ተመልሶ ታወጀ። አንዴ ዘግቶ አንዴ በሚከፍት በር በኩል ምድጃ ለመሥራት ገንዘቡን የሚያስገባ ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2008 ያልተጠናቀቀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይሄድ 150 በመቶ ታክስ ጣልን። ዓላማው መልካም ነበር፤ ፋብሪካዎችም ተከፈቱ። ነገር ግን የፋሲካ ማግስት የበግ ቆዳ በየሰፈሩ ገዢ አጥቶ ሲጣል ያላየ አዲስ አበቤ ዛሬ የለም። እገዳ ማቅለጫም ሆነ ማልፊያ አይወልድም። ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ፋብሪካ ካለ ብቻ ይረዳዋል። በሕግና በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ያላችሁ ይህን ብትከራከሩበት ደስ ይለኛል፤ የማይስማሙኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ።

የተሳካለት ሀገር አሳየን ካላችሁ ፊንላንድን አሳያችኋለሁ። በ1959 ማርቲ ማቲላይነን የተባለ ጠላቂ በኬሚ ከተማ አቅራቢያ የውኃ ቦይ ሲቆፈር ያገኘውን እንግዳ ድንጋይ ለጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ላከ። ማዕድኑ የቡሽቬልዱን ያህል እንኳ የሚያኮራ አልነበረም፤ የክሮም ኦክሳይዱ መጠን 26 በመቶ ገደማ ነው። ኦውቶኩምፑ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ዘጠኝ ዓመት ወሰደ። በ1968 ጉድጓዱም፣ በአቅራቢያው በቶርኒዮ ያለው ማቅለጫም ሥራ ጀመሩ። በ1976 ከማቅለጫው አጠገብ የማይዝግ ብረት ፋብሪካ ተከፈተ። ዛሬ ከፌሮክሮሙ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ፣ እንደ ቀለጠ ወደ ብረቱ ፋብሪካ ይሄዳል፤ መልሶ ለማቅለጥ መብራት አይወጣም።

እኔን ከሁሉ የሚያስቀናኝ ግን ከድክመታቸው ያደረጉት ነው። ማዕድናቸው ሲጣራ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄት ደግሞ ምድጃ ያፍናል። ስለዚህ ዱቄቱን ወደ እንክብል መለወጥና መጋገር፣ ከዚያ በተዘጋ ምድጃ ማቅለጥ፣ ከምድጃው የሚወጣውን ጋዝ ሰብስበው ለማሞቂያ መጠቀም የሚያስችል ዘዴ ራሳቸው ፈጠሩ። በኋላም ይህንኑ ቴክኖሎጂ ክሮም ለሞላት ለደቡብ አፍሪካ ሸጡላት። ይህን የሠሩት ምድጃው በየቀኑ ያደረገውን በመዝገብ የጻፉ፣ የጻፉትን ተመልሰው ያነበቡ ሰዎች ናቸው።

ወደ እኛ ስመለስ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰሴ አይቀርም። በወለጋ ዩብዶ ፕላቲኒየም የተቆፈረበት አለት ክሮማይት ከሚገኝባቸው አለቶች ጋር ዘመድ ነው፤ በደቡብም ተመሳሳይ አለቶች አሉ። ይህ ለጂኦሎጂ ተማሪ ግሩም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው፤ ለፋብሪካ ግን መሠረት አይሆንም። «መብራት አለን፣ የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ማዕድኑን ከውጭ እናስገባ» የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። ኖርዌይና ስዊድን በውኃ ኃይል የሰው ሀገር ክሮም አቅልጠዋልና ሐሳቡ ቅዠት አይደለም። ነገር ግን ለዚያ የ100,000 ቶን ፋብሪካ 250,000 ቶን ገደማ ማዕድንና 50,000 ቶን ያህል ኮክ ከወደብ ወደ ደጋ መውጣት አለበት፤ ባለ 40 ቶን ከባድ መኪና በየቀኑ 20 ጊዜ ማለት ነው። ምርቱ ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ስዊድን ምድጃዎቿ ወደብ አጠገብ ናቸው። እኔ ብጠየቅ ያንን 40 ሜጋዋት መጀመሪያ የምሰጠው ሌላ ሥራ ላለው ፋብሪካ ነው።

እስከዚያው ሙያውን መማሪያ ቦታ አታጡም። ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡት ፋብሪካዎቻችን ምድጃ አላቸው፣ አተላ አላቸው፣ መብራት ሲቋረጥም ይጎዳሉ። እዚያ ገብታችሁ የአንድ ቶን ብረት የመብራት ፍጆታ በአምስት በመቶ እንዲቀንስ ብታደርጉ፣ ነገ ክሮምም ይምጣ ሌላ፣ የምትጠቅሙበት ነገር ይኖራችኋል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ በፋብሪካ ምርቃት ላይ የማይነገር ነው። ክሮም ሲቀልጥም ሲቆፈርም ከአየርና ከውኃ ጋር ተገናኝቶ ባለ ስድስት ቫለንስ ወደሚባለው መልኩ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህ ካንሰር ያመጣል፣ በውኃም ይሟሟል። የሕንድ ክሮም ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወጣበት የኦዲሻው ሱኪንዳ ሸለቆ በዚህ መርዝ ስሙ ጠፍቷል። ክፍት ምድጃ ከተዘጋው ይልቅ የዚህ ዓይነት አቧራ ያበዛል፤ ርካሽ ስለሆነ ግን አሁንም የሚሸጠው አለ። ከአንድ ቶን ፌሮክሮም ከአንድ ቶን የሚበልጥ አተላ ይወጣል፤ የት እንደሚከመርና ዝናብ ሲዘንብበት ወዴት እንደሚወርድ ሳይታወቅ ፈቃድ መሰጠት የለበትም። የትም ብትቀጠሩ በመጀመሪያው ሳምንት የአቧራ ማጣሪያው መሥራቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ከፋብሪካው በታች ባለው መንደር የጉድጓድ ውኃው መቼ እንደተመረመረ ጠይቁ፤ ውጤቱንም በወረቀት ተቀበሉ።